አምስተኛው ልዑክ

ታቦት ጭኖ መኪና መንዳት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ገብረየስ ከፎረስት ፓርክ ተነሥቶ ክሊቭላንድ አቬኑን ሲወርድ፣ ሠላሳ አምስት ማይል በሚነዳበት መንገድ በሃያ ነበር የሚሄደው። ከኋላው የደረሰ ሁሉ ክላክሱን እያምባረቀ ሲያልፈው ግድም አልሰጠው። የኋላ ማያ መስተዋቱን ገና ከቤት ሳይነሣ ወደ ጣሪያው አዙሮታል። ታቦትን በመስተዋት እያዩ መንዳት ምን የሚሉት ድፍረት ነው!

ከኋላ ወንበር አባ ሀብተማርያም ተቀምጠዋል። ታቦት በራስ ላይ ነው የሚያዘው፤ የገብረየስ ሼቭሮሌ ጣሪያ ግን ለቆብም አልበቃ ብሎ፣ በመጎናጸፊያ እንደ ጠቀለሉት በደረታቸው ታቅፈውታል። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጠን ያሉ መነኩሴ ናቸው። ከዋሺንግተን በአውሮፕላን እንዲመጡ ሁሉ ነገር ተሰናድቶላቸው ሳለ፣ የኤርፖርቱ ጠባቂ የያዙትን በማሽኑ ውስጥ ያሳልፉ ቢላቸው «ልጄ፣ ካህን ያልሆነ ሰው የማያየውን ያንተ ማሽን ሊያየው ነው?» ብለው በአማርኛ መለሱለትና፣ ፊታቸውን አዙረው በሰው መኪና ስምንት ሰዓት ተጉዘው መጡ። አብረዋቸው የመጡት ቄስ አሥራት ናቸው። እሳቸው አሁን ከገብረየስ ጎን ሆነው፣ ቀይ መብራት ባስቆማቸው ቁጥር ቃጭላቸውን አንድ ጊዜ ቃጭ ያደርጋሉ።

ቀኑ መስከረም ሃያ አምስት፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ በፈረንጆቹ የሰማንያ ስድስቱ ኦክቶበር፣ እሑድ ነው። ነገ ጽጌ ይገባል። ኮሎምበስ ኦሃዮ ያሉት ሐበሾች ወደዚህ ከተማ ከመጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያስቀድሱ ነው። ሰዉ ሁሉ በደስታ ሌሊቱን ሳይተኛ አድሯል። ገብረየስም አልተኛም፤ የእሱ ግን በደስታ አልነበረም።

ቅዳሴ እንደ ሌላው ጸሎት ብቻን አይደረግም፤ አምስት ልዑካን ይፈልጋል። ሁለት ቄሶች፣ ሠራዒውና ንፍቁ። ሦስት ዲያቆናት፣ ሠራዒው ዲያቆንና ንፍቁ ዲያቆን፣ በመጨረሻም መብራት ያዡ። መብራት ያዡ ከአምስቱ ትንሹ ነው። ወንጌል ሲነበብ ጧፍ ይዞ መቆም፣ ቄሱ ሲዞር አብሮ መዞር፣ ይኸው ነው ሥራው። ነገር ግን እሱ ከጎደለ አራቱም የሉም። አባ ሀብተማርያም በደብዳቤያቸው ላይ «አምስት ሳትሆኑ እንዳትጠሩኝ» ብለው ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምረውበታል።

መቼም ኮሎምበስ ላይ ማዕርግ ሞልቷል፤ የጠፋው ባለማዕርግ ነው። ታክሲ ነጂው ጋሼ ንጉሤ የኮሚቴው ሊቀመንበር ሆኖ የአዳራሹን ጉዳይ ስለያዘ «ገበዝ» ይሉታል። ድንቄም ገበዝ! አንድ መዝሙረ ዳዊት እንኳ በቃሉ አይወጣውም። ኦቤትስ ካለው መጋዘን ዕቃ የሚጭነው ገብረየስ ደግሞ «ዲያቆን» ነው። «ዲያቆን፣ ማዕዱን ባርክልን»፣ «ዲያቆን፣ ልጆቹን መዝሙር አስጠናልን» እያሉት አምስት ዓመት ሙሉ «አቤት» ሲል ኖረ። ሲጠሩት ከልቡ ደስ ይለው ስለነበር ማረም የነበረበትን ቀን አሳለፈው፤ አንዴ ካለፈ ደግሞ እያደር ከበደው።

ዲያቆን ነበር እኮ። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ጳጳስ እጃቸውን ጭነውበታል። እስከ ሃያ አምስት ዓመቱ ከመቅደስ አልተለየም። በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሲሰደድ፣ ባሏን ቀብራ የሁለት ዓመት ልጅ አዝላ የምትሄድ ሂሩት የምትባል ሴት መንገድ ላይ አገኘ። ልጅቱን ተቀብሎ አዘላት። ሦስት ቀን አዝሏት ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ልጅቱ ከእሱ ጀርባ አልወርድ አለች። ገዳሪፍ ላይ ዓመት በአንድ ግቢ ከኖሩ በኋላ ለስደተኛው ቄስ «ሂሩትን ላገባ ነው» ብሎ ነገራቸው። ቄሱ «ዲያቆን ድንግል ነው የሚያገባ። መበለት ካገባህ ክህነትህ ይቀራል፤ ከእንግዲህ ከመጋረጃው ውስጥ አትገባም። መቅደስ ወይስ ሂሩት?» አሉት። ሌሊቱን ሲያስብ አደረ፤ ጧት ሂሩትን አለ።

አልተጸጸተም። እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱበት፤ አንድም ቀን አልተጸጸተም። ናፈቀው እንጂ። መጋዘን ውስጥ ጋሪ እየገፋ በሆዱ ይቀድሳል፤ የቄሱን ክፍል ይዘለዋል፤ የዲያቆኑን ብቻ፣ ተራው በደረሰ ጊዜ፣ በለሆሳስ ይለዋል። አለቃው «ምን አልክ?» ሲለው «ናቲንግ» ይላል። የመቅደሱ ምንጣፍ ባዶ እግሩን ሲነካው፣ ጧፉ ጣቱ ላይ ሲንጠባጠብ፣ ያ ሁሉ በሕልሙ ይመጣና ሲነቃ ዓይኑ እርጥብ ሆኖ ያገኘዋል። ሂሩት ታውቃለች፤ ትራሱን ገልብጣ ታደርግለታለች እንጂ ነገሩን አንስታበት አታውቅም።

ታዲያ ለምን እውነቱን አይናገርም? በሉሉ ምክንያት ነው። ያቺ ጀርባው ላይ የተኛች ሕፃን ዛሬ አሥር ዓመቷ ነው። አባቷ ሌላ ሰው እንደነበረ አታውቅም። «ክህነቴ ቀርቷል» ካለ «ለምን?» ይሉታል፤ «መበለት አግብቼ» ካለ ደግሞ «እንግዲያ ልጅቱ?» ይላሉ። የሐበሻ ሒሳብ እንዲህ ሲሆን ፈጣን ነው። ስለዚህ የልዑካን ስም ሲጻፍ ገብረየስ «ወገቤን ያመኛል፤ ሾፌር ልሁን» ብሎ ሸሸ። ኮሚቴውም ሦስተኛ ዲያቆን ይላክልን ብሎ ቺካጎ ላሉት ምእመናን ጻፈ።

መልሱ ሐሙስ ዕለት መጣ፤ ወይም የመጣ መሰላቸው። የኮሚቴው ስልክ የገብረየስ ቤት ስልክ ነው። ከሥራ ሲመለስ ሉሉ ኩሽና ቆማ «አባዬ፣ ቸርቹ ኮል አደረጉ። ዲያቆኑ ሰንደይ አሥራ ሁለት ሰዓት ይመጣል አሉ» አለችው። እሰይ ተባለ። ጋሼ ንጉሤ ታክሲውን አቁሞ ሬዲዮው ላይ «ተመስገን!» ብሎ ሲጮህ ታክሲዎቹን የምታሰማራው ፈረንጅ ደነገጠች። ልጅቱን የደወሉት በምን ቋንቋ ነው ብሎ የጠየቃት ግን አልነበረም።

አዳራሹ ቤክስሊ ሳይደርሱ፣ ጥቁር አሜሪካውያን ባፕቲስቶች የሚጸልዩበት ቤተክርስቲያን ምድር ቤት ነው። ባለቤቶቹ በደግነት ነው የፈቀዱት፤ ግን አምስት ሰዓት ላይ የራሳቸው ሰዎች ስለሚገቡ ከዚያ በፊት ተጨርሶ መወጣት አለበት። በልብስ መስቀያ ጋሪዎች ላይ ቀይ ከፋይ ተዘርግቶ መቅደሱ ተጋርዷል። ወጥ ቤቱ ቤተልሔም ሆኗል፤ ወጣቱ ዲያቆን ጸጋዬና ከዴይተን የመጣው ተማሪ፣ ዲያቆን ጀማነህ፣ ማንም እንዳይገባባቸው በሩን በወንበር ዘግተው ኅብስቱን ጋግረዋል። በሩ ሥር ጫማ ተከምሯል። ነጠላ ያጣፉ ስልሳ ያህል ሰዎች ታቦቱ ሲገባ እልል አሉ፤ ሴቶቹ አለቀሱ፤ ገብረየስም ግድግዳው ጥግ ቆሞ አለቀሰ።

አባ ታቦቱን ከመጋረጃው ውስጥ አስገብተው ብቅ አሉና «ሦስተኛው ዲያቆን የታለ?» አሉ።

«መጥቷል መሰለኝ አባ፤ በሩን ከፍቶ የጠበቀን ሰው አለ» አለ ጋሼ ንጉሤ። ይህን እያለ ደረጃውን የሚወርድ ኮቴ ተሰማ። ቡናማ ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው የያዙ፣ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ረዥም ጥቁር አሜሪካዊ ገቡ። ወገባቸው ላይ የቁልፍ እስር ይንቀጫቀጫል። ለሁሉም አንድ በአንድ እጃቸውን እየዘረጉ «ዲከን ኮልማን፣ ዲከን ኮልማን» አሉ።

«ሉሉ፣ ነይ እስቲ» አለ ጋሼ ንጉሤ። «የቺካጎው ዲያቆን የት ደረሰ በይልኝ።»

ሉሉ በነጠላዋ እንደተጀቦነች መጥታ ጠየቀች። ሽማግሌው ፈገግ ብለው ረዘም ያለ መልስ ሰጧት። ልጅቱ ስትሰማ ከንፈሯ ደረቀ፤ ዞር ብላ ገብረየስን አየችው።

«አባዬ… ሂ ኢዝ ዘ ዲከን።»

«ማን?»

«እሱ ነው። ሐሙስ ኮል ያደረገችው የነሱ ፓስተር ሚስት ናት። በሩን ሊከፍት ዲያቆን ይመጣል ነው ያለችው። አይ ዲድንት ኖው… ዲያቆን አለች፣ ዲያቆን አልኩ።»

በባፕቲስቶቹ ዘንድ ለካ ዲያቆን ማለት በሩን የሚከፍት፣ ታማሚ የሚጠይቅ፣ የጉባኤ ሽማግሌ ኖሯል። አንድ ጎረምሳ ፍርፍር ብሎ ሳቀና እናቱ በክርኗ ጎሸመችው። ከዚያ በኋላ ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም ሆነ። ሚስተር ኮልማን ምን እንዳጠፉ ግራ ገብቷቸው ባርኔጣቸውን አሽከረከሩ፤ ኋላም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቀስ ብለው ወደ ላይ ወጡ።

«ኧረ በስመአብ!» አለ ጋሼ ንጉሤ በመጨረሻ። «መልእክት እንዴት ለሕፃን ይተዋል? አንቺስ ልጅ፣ ሲሆን ሲሆን ከየት ነው የምትደውሉት ብሎ መጠየቅ አልነበረም?»

«ተዋት!» አለ ገብረየስ። «ስልኩ የኔ ነው። ካጠፋሁ እኔ ነኝ ያጠፋሁ።»

ሉሉ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ክንዱ ሥር ገባች። ይህ ቀን ለእሷም ነበር። በሕፃንነቷ ከቆረበች ወዲህ አልቆረበችም፤ ከትናንት ማታ ጀምራ ውሃ እንኳ አልቀመሰችም።

ጋሼ ንጉሤ በዚህ መሐል አንድ ነገር ብልጭ አለለት። «ቆይ እንጂ! እኛ ምን ያስጨንቀናል? አንተ እያለህ! ዲያቆን እያለን ዲያቆን እንፈልጋለን? ወገቤን ትላለህ፤ ጧፍ መያዝ ወገብ አይጠይቅም። ደግሞስ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ?»

ተረቱን ለጨዋታ ነበር ያመጣው። ገብረየስን ግን ወጋው፤ ወደ ሂሩት እንዳያይ አንገቱን ሰበረ።

እትዬ ማንያህልሻል ከወንበራቸው ተነሡ። የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ እግራቸው ስላበጠ ጫማ ካደረጉ ወር አልፏቸዋል። «አንተ ዲያቆን» አሉት፣ ክንዱን ይዘው። «አሥር ዓመት አልቆረብኩም። አሥር ዓመት! ሐኪሙ ጾም ይገድልሻል ሲለኝ ዛሬን ልጹምና ይግደለኝ ብዬ ነው የመጣሁ። አፈር ስሆን፣ በሞቴ፣ ወገብህን ታግሠህ ቁምልን።»

ሁሉም «በሞቴ» አለ። ከሁሉ የከፋችበት ሉሉ ናት። እጅጌውን ስባ፣ ማንም እንዳይሰማ በሹክሹክታ «ፕሊስ፣ አባዬ» አለችው። ስሕተቷን እንዲያቃናላት ነው። ገብረየስ ሳይታወቀው እግሩ ወደ መጋረጃው ሄደ።

ከመጋረጃው ውስጥ ዲያቆን ጸጋዬ ነጩን ቀሚስ ዘርግቶ ጠበቀው። «እሰይ! እኔ ድሮም እኮ፣ ዲያቆናችን ሾፌር ሲሆን ነውር ነው እል ነበር» አለ፤ ልጅ ነው፣ ከልቡ ደስ ብሎታል። ገብረየስ ቀሚሱን ተቀበለ። ተልባ እግር ነው፤ ማንም አጥልቆት አያውቅም፣ ገና አዲስ፣ ጠርዙ ላይ መስቀል የተጠለፈበት። የታጠነበት የዕጣን ሽታ ወደ አፍንጫው ወጣ። አቤት፣ እንዴት ናፍቆት ኖሯል! አንድ እጁን በእጅጌው አስገባ። ልኩ ነው፤ ለእሱ የተሰፋ ይመስላል። አንዲት ቀን ናት፤ ጧፍ ብቻ ነው፤ ቃል አላወጣ፣ ኅብስት አልነካ። ማን ያውቃል? እግዜርም ቢሆን ለእትዬ ማንያህልሻል ብሎ፣ ለልጅቷ ብሎ ያልፈው ይሆናል።

ሁለተኛውን እጁን ሊያስገባ ሲል አባ ሀብተማርያም መስቀላቸውን ይዘው ቀረቡ። ልብሱን ሊባርኩለት ነው። ፊታቸው ደክሞታል፤ እንደዚህ ሆነው ስምንት ሰዓት የተጓዙት ለእውነተኛ ነገር ነው። ገብረየስ እጅጌውን መልሶ አወለቀ።

«አባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» አለ።

ጥግ ይዞ፣ በጆሯቸው፣ ገዳሪፍን ነገራቸው። ሂሩትን ነገራቸው። አባ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙትና ረዥም ትንፋሽ ተነፈሱ።

«ታዲያ ይህ ምኑ ያሳፍራል?» አሉ። «መበለት ማግባት ኃጢአት አይደለም። ማዕርግህ ነው የቀረ እንጂ አንተ አልረከስክ። ውጣና እንዲሁ ንገራቸው።»

«ልጄ አታውቅም፣ አባ። የሌላ ልጅ መሆኗን አታውቅም።»

«እና ምን ልትል ነው?»

«ወድቄያለሁ እላለሁ።»

«ወድቄያለሁ ካልክ ሴሰነ ነው የሚሉህ።»

«ይበሉኝ።»

አባ ሀብተማርያም ንስሓ ሰምተዋል፤ ከእንግዲህ አፋቸው የታሰረ ነው። መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ አሳርፈው መንገዱን ለቀቁለት።

ገብረየስ ቀሚሱን አጣጥፎ ለጸጋዬ መለሰና ወጣ። ስልሳ ሰው ዓይኑን ተከለበት። «ይቅር በሉኝ» አለ፤ ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ሆነበት። «ዲያቆን አይደለሁም። ነበርኩ፤ ወድቄያለሁ። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት በፍርሃት ነው። ቅዳሴው በኔ ምክንያት ቀረ።»

መጀመሪያ አንድ ሰው «እግዚኦ» አለ። ከዚያ ጉምጉምታው ተነሣ። ከሴቶቹ በኩል «ከማን ጋር ይሆን?» የሚል ድምፅ እንደ ሹክሹክታ ሆኖ ግን ጎልቶ ወጣ። አንዷ ከንፈሯን መጠጠች፤ ሌላዋም ተከተለች። አጠገባቸው የቆመችው ሂሩት ላይ የኀዘኔታ ዓይናቸውን ጣሉባት፤ አንዲቱ እንዲያውም እጇን ይዛ «አይዞሽ እህቴ፣ ወንዶች እንዲህ ናቸው» አለቻት። ሂሩት እጇን መንጭቃ አስለቀቀች።

ይህቺ ሴት ረሀብ ችላለች፣ ስደት ችላለች፤ ከንፈር ሲመጠጥላት ግን መቻል አልሆነላትም።

«ስሙኝ!» አለች። «ባሌ አልወደቀም። ከንፈራችሁን አትምጠጡልኝ። እኔ ባሌ ሞቶብኝ፣ ሉሉን አዝዬ ስሰደድ ነው መንገድ ላይ ያገኘኝ። ዲያቆን መበለት ሲያገባ ክህነቱ ይቀራል። ያውቅ ነበር፤ እያወቀ አገባኝ። ሰባት ዓመት በእንቅልፍ ልቡ ሲቀድስ የምሰማው እኔ ነኝ። ከማን ጋር አላችሁ? ከኔ ጋር ነው!»

ከአፏ ሲወጣ ገና ምን እንዳለች ገባት። አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሰው ሁሉ ወደ ልጅቱ ዞረ።

ሉሉ ከወንበሮቹ መሐል ቆማለች። አማርኛ መናገር ይቸግራታል እንጂ መስማት ትሰማለች። «ዋት?» አለች፣ በጣም ቀስ ብላ። ገብረየስን አየች፣ እናቷን አየች፣ ከዚያ ባዶ እግሯን ደረጃውን ሮጣ ወጣች።

ገብረየስ ሊከተላት ሲል ሂሩት ቀደመችው። «እኔ ነኝ የተናገርኩ፣ እኔ ልሂድ» ብላ ወጣች። ብዙም ሳትቆይ ብቻዋን ተመለሰች። «አታናግሪኝ አለች። በሩ ላይ ሽማግሌው ጋ ተቀምጣለች» አለችና ግድግዳው ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች። አጠገቧ የነበሩት ሴቶች አሁን ከንፈር አልመጠጡም፤ ትከሻዋን ያዙላት።

አባ ሀብተማርያም ብቅ አሉ። «አራት ነን» አሉ። «በአራት አልቀድስም። ጸሎተ ኪዳን አድርሰን፣ ወንጌል አንብበን እንለያያለን። ለኅዳር ሚካኤል፣ እግዚአብሔር ከፈቀደ፣ አምስት ሆነን እንመለሳለን።»

«ኅዳር!» አሉ እትዬ ማንያህልሻል። ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉና ጥቂት አሰቡ። «ኅዳር እኔ የት እሆን ይሆን? እሱ ያውቃል። አንተ ገብረየስ፣ ና ወዲህ።» ቀረባቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ዲያቆን ሳይሉ በስሙ መጥራታቸው ጆሮው ላይ ቀረ። «ተናድጄብሃለሁ፤ አልዋሽህም። ግን የውሸት ቁርባን አጉርሰኸኝ ቢሆን ኖሮ በሰማይም አልለቅህም ነበር። ሂድ፣ ፊትህን ታጠብ።»

ጸሎቱ ተጀመረ። ገብረየስ ከመጋረጃው ውጭ፣ ከወንዶቹ ጋር ቆመ። ጸጋዬ ከውስጥ፣ በዚያ ባልሠለጠነ ግን ንጹሕ ድምፁ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ተሰማ። ገብረየስ ይህን ቃል በእውነተኛ ዲያቆን አፍ፣ በእውነተኛ ታቦት ፊት ከሰማ ሰባት ዓመቱ ነው። በየሌሊቱ የሚያልመው ይህንኑ ነበር። አሁን ግን ጆሮው ከመጋረጃው በኩል አልነበረም፤ ከደረጃው በኩል ነበር። አንድ ኮቴ፣ አንድ ሳግ ይሰማል ብሎ ያዳምጣል። ወደ ውስጥ የናፈቀውን ያህል፣ ከዚያም ይበልጥ፣ ወደ ውጭ ናፈቀ። ሕዝቡ ሲመልስ እሱ አልመለሰም። ነጠላውን ሰብስቦ፣ በተከማቸው ጫማ ላይ ተራምዶ፣ ደረጃውን ወጣ።

ውጭ ነግቷል። ከመኪና ማቆሚያው ዳር ያሉት ሜፕሎች ቀልተዋል፤ ሲሚንቶው ለባዶ እግር ይቀዘቅዛል። ሉሉ በሩ ፊት ካለው ደረጃ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ሚስተር ኮልማን ኮታቸውን አውልቀው ትከሻዋ ላይ ጥለውላት፣ እሳቸው በሸሚዝ ቀርተዋል። በእጇ የሰጧትን ከረሜላ ይዛለች፤ ጾምሽን ፍቺ ያላት ስለሌለ አልከፈተችውም።

ገብረየስ ከእሷ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። «ሉሉ» አለ። የት ይጀምር? ከመተማው መንገድ? ትኩሳት ይዟት ጀርባው ላይ ስታቃትት ካደረችበት ሌሊት? ስለ አባቷ መቃብር? መቃብሩን እሱም አያውቀው። ልትጠላው መብት አላት ብሎ አሰበ። ዞሮ ሊያያት ፈራና የመኪና ማቆሚያውን ማየት ጀመረ።

ሚስተር ኮልማን ሁለቱንም አዩአቸው። እዚያ ታች ምን እንደተባለ አላወቁም፤ ማንም አልነገራቸው። ግን ሰው ሁሉ ይህን ባዶ እግሩን የተቀመጠ ሰው በአንድ ቃል ሲጠራው በሩ ላይ ሆነው ሰምተዋል፤ ቃሉም ከራሳቸው ማዕርግ ጋር ሳይመሳሰልባቸው አልቀረም። ወደ ልጅቷ ዘንበል ብለው በደስታ ጠየቋት።

«ሶ፣ ኢዝ ሂ ዩር ዲከን?»

ገብረየስ «ዲከን» የምትለዋን ያዛት። ዲያቆን አለመሆኑን እንደገና፣ ደግሞ እንደገና ሊናገረው ነው። ራሱን ለመነቅነቅ ቀና አለ፤ «ኖ» ሊል አፉን ከፈተ።

ሉሉ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች።

«ኖ፣ ሰር» አለች። «ሂ ኢዝ ማይ ዳድ።»

አምስት ዓመት ሙሉ የአሜሪካንን እንግሊዝኛ በልጁ አፍ ሲሰማ የኖረው ገብረየስ፣ ይህቺን ያለ አስተርጓሚ ሰማት።